«እንደ ልጃችን ናት»
በሥዕል በተነገሩ የቤተሰብ ታሪኮች ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ የት ናት?



በሰው ቤት የምትሠራ እህት ሁሉ ሳትሰማው የማታልፈው አንድ አባባል አለ። እንግዳ ሲመጣ ወይም ጎረቤት ሲጠይቅ ማዳም ፈገግ ትልና «እሷ እኮ እንደ ልጃችን ናት» ትላለች። ይህን የሰማች እህት አንዳንዴ ልቧ ይሞቃል። በባዕድ አገር «ልጄ» የሚል ቃል መስማት ቀላል ነገር አይደለምና። አንዳንዴ ደግሞ በልቧ «ልጅ ከሆንኩ ታዲያ የሦስት ወር ደመወዜ የት አለ? ፓስፖርቴስ ለምን በእሳቸው ቁም ሣጥን ተቆለፈበት?» ብላ ትጠይቃለች። ሁለቱም ስሜቶች እውነተኞች ናቸው።

ዛሬ ይህን አባባል አብረን ልንመረምረው አስበናል። የምንመረምረው ደግሞ ብዙ ሰው ለሕፃናት ብቻ የተሠራ በሚመስለው ነገር፣ ማለትም ኮሚክስ በሚባሉት የሥዕል ታሪኮች ነው። የምናነሣቸው መጻሕፍት የቤተሰብ ታሪክ የያዙ ናቸው። የጻፏቸውም በሠራተኛ እጅ ያደጉ ወይም ሠራተኛ በየቤቱ ባለበት ሰፈር ያደጉ ሴቶች ናቸው። አንዲት ልጅ አድጋ ስለ ሞግዚቷ ስትጽፍ ምን ታስታውሳለች? ይህ ጥያቄ ለእናንተ ቅርብ ነው ብለን እናምናለን። ከእናንተ ብዙዎቹ ዛሬ የሚያሳድጉት ልጅ ነገ ምን እንደሚያስታውስ አያውቁምና። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕሉን ማንበብ እናውቅበታለን

የሥዕል ታሪክ አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹ በሣጥን በሣጥን ይከፈላል። በእያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ሥዕል አለ። ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ከአፋቸው በሚወጣ ደመና መሳይ ክብ ውስጥ ይጻፋል። አንባቢው ሣጥኖቹን በተራ እየተከተለ ታሪኩን ያነባል። በዐረብ አገር ቤቶች ልጆች ካሉ አንዱን ሳታዩ አልቀራችሁም። ከአቡ ዳቢ ከ1979 ጀምሮ መታተም የጀመረው «ማጂድ» የተባለው የልጆች መጽሔት በየሶፋው ሥር ወድቆ ስታነሡት ኖራችኋል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አገር ቤት በየስጦታ መደብሩ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታውሱ። በሸራ ወይም በብራና ላይ የሚሣለው ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥን ይከፈላል። በየሣጥኑ ግርጌ ጥቂት ቃላት ይጻፋሉ። ከላይ ከዘንዶው ይጀምርና ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስትወርድ፣ ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር ማዕድ ስትቀርብ፣ ምኒልክ ሲወለድ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ሥዕሉን ብቻ እያዩ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይተርኩታል።

በዚያ ታሪክ ውስጥ ንግሥቲቱን ተከትላ የወረደች አንዲት አገልጋይ አለች። እሷም ከንጉሡ ወንድ ልጅ እንደ ወለደች፣ የዛግዌ ነገሥታትም ከዚያ ልጅ እንደ መጡ የሚናገር ትውፊት አለ። ንግሥቲቱን ሁላችንም በስም እንጠራታለን፤ ሳባ እንላለን፣ ማክዳ እንላለን። ያቺን ሴት ግን ብዙ ጊዜ «አገልጋይቱ» ብለን ብቻ እናልፋታለን። የነገሥታት እናት ናት እየተባለች እንኳ ስሟን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምንነግራችሁ ታሪኮች የተለዩ የሚሆኑት በዚህ ነው። ሠራተኛዋ በስሟ ተጠርታለች፤ ፊቷም ተሥሏል።

የመህሪ ደብዳቤ

ማርጃን ሳትራፒ በ1969 በኢራን ረሽት ከተማ ተወልዳ በዋና ከተማይቱ በቴህራን ያደገች ሴት ናት። በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሄዳ «ፐርሴፖሊስ» የተባለውን የሥዕል ታሪክ ጻፈች፤ ሥዕሉንም ራሷ ሣለችው። መጽሐፉ ከ2000 እስከ 2003 በአራት ቅጽ ታትሞ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በ2007 ፊልም ሆኖ በካን የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ሽልማት አግኝቷል። ሥዕሎቹ በጥቁርና ነጭ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ እያንዳንዱ ስለ አያት፣ ስለ አጎት፣ ስለ እናት ወይም ስለ ጎረቤት የሚነገር አንድ ትንሽ ታሪክ ነው።

የማርጃን ወላጆች የተማሩና የተደላደሉ ሰዎች ነበሩ። የንጉሡን የሻህን አገዛዝ የሚቃወሙ፣ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት የሚናገሩ፣ ለሰልፍ የሚወጡ ቤተሰብ ነበሩ። በቤታቸው ግን መህሪ የምትባል ሠራተኛ ነበረች። «ደብዳቤው» የተባለው ምዕራፍ የእሷ ታሪክ ነው።

መህሪ ወደዚያ ቤት የመጣችው በ8 ዓመቷ ነው። አባቷ ብዙ ልጆች ያሉት ገበሬ ነበር። እዚያ ቤት ቢያንስ ጠግባ ትበላለች ብሎ ሰጣት። ይህን ስናነብ ከእናንተ ስንቶቻችሁ ወደ ዐረብ አገር ከመምጣታችሁ በፊት በልጅነታችሁ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ «ዘመድ ቤት» እንደ ተላካችሁ አስታወስን። ማርጃን ስትወለድ መህሪ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች። ራሷ ልጅ ሆና ልጅ አሳደገች። አጫወተቻት፤ ከሳህኗ የተረፈውን ጨረሰችላት፤ ማታ ማታ የሚያስፈራ ተረት ነገረቻት። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን መህሪ የጎረቤት ልጅ ወደደች። ስሙ ሆሴን ነው። ከመስኮት ወደ መስኮት ይተያያሉ። ሆሴን ደብዳቤ ላከላት። መህሪ ግን ማንበብም መጻፍም አትችልም። የማርጃን እናት ልታስተምራት ሞክራ ሳይሆንላት ቀርቷል። ስለዚህ ትንሿ ማርጃን ደብዳቤውን አነበበችላት፤ መልሱንም በራሷ እጅ ጻፈችላት። ለወራት እንዲህ ተጻጻፉ። ለማርጃን ነገሩ ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። ለመህሪ ግን ሕይወቷ ነበር።

ሆሴን የሚያውቀው መህሪ የዚያ ቤት ልጅ እንደ ሆነች ነው። እሷም እንዲህ እንዲመስለው ትታዋለች።

መህሪ ምስጢሯን ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ በማርጃን አጎት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ እሷም ልጁን አይታ ወደደችው፤ ቀናችም። ለአሠሪዋ ተናገረች። አጎት ለአያት ነገረ፤ አያት ለእናት ነገረች፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ አባት ጆሮ ገባ። አባትየውም ወደ ጎረቤት ሄዶ የሆሴንን በር አንኳኳ። መህሪ ልጁ እንዳልሆነች፣ የቤቱ ሠራተኛ እንደ ሆነች ነገረው። ሆሴን አልተከራከረም። ደብዳቤዎቹን አምጥቶ ሰጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሊያያት አልፈለገም።

አባትየው ደብዳቤዎቹን ሲያይ የልጁን የእጅ ጽሑፍ ዐወቀ። ልጁን አስቀምጦ ፍቅሩ ሊሆን የማይችል እንደ ነበር ያስረዳት ጀመር፤ በዚህ አገር ሰው ከመሰሉ ጋር ነው የሚኖረው አላት። ትንሿ ማርጃን ግን የመህሪ ጥፋት ምን እንደ ሆነ ልትረዳ አልቻለችም። ሰው የት እንደሚወለድ መርጦ አይወለድምና። አባቷ እኩልነትን ይደግፍ ወይም ይቃወም እንደ ሆነ ጠየቀችው። ወደ ክፍሏ ስትመለስ መህሪ እያለቀሰች ነበር። አልጋው ላይ አጠገቧ ተኛች።

አባትየው የዋሸው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አባትየው ክፉ ሰው ተደርጎ አልተሣለም። ልጁን የሚወድ፣ ለተጨቆኑ የሚቆረቆር ሰው ነው። ለጎረቤቱ የነገረውም ውሸት አይደለም። መህሪ በእውነት ሠራተኛው ነበረች። ታዲያ ነገሩ ለምን ያሳምመናል?

ያ ቤተሰብ ለዓመታት መህሪን እንደ ልጅ አቅፎ ኖሯል። ከልጃቸው ጋር ተኝታለች፤ ከልጃቸው ጋር ተጫውታለች። እንደ ልጅ መሆኗ አንድም ጊዜ አልተፈተነም፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ ለቤተሰቡ ምንም አላስወጣም። «የማን ልጅ ናት?» የሚል ጥያቄ ከውጭ ሲመጣ ግን መልሱ በአንድ አፍታ ተገለጠ። አባትየው «ሠራተኛዬ ናት፤ ግን ጨዋ ልጅ ናት፤ ብታገባት ደስ ይለኛል» ሊል ይችል ነበር። አላለም። ሠራተኛ መሆኗን የተናገረው ፍቅሩን ለማስቆም ነው። ከቃሉ ይልቅ የሚያሳምመው ቃሉ የተነገረበት ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ደብዳቤውን የጻፈችው መህሪ ራሷ አይደለችም። የልቧን ነገር በሌላ ሰው እጅ ነው ያስኬደችው። ከእናንተ መካከል ለጓደኛዋ ደብዳቤ የጻፈች፣ አሁን ደግሞ በስልክ መልእክት የምትጽፍላት እህት ትኖራለች። ይህን ገጽ እንኳ ለማታነብ ጓደኛዋ ጮክ ብላ የምታነብላት አለች። ለሌላ ሰው መጻፍ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ግን የምንጽፈው የራሳችንን ጨዋታ ሳይሆን የእሷን ቃል መሆን አለበት። ማንበብና መጻፍ ያልቻላችሁ እህቶች ደግሞ ፊደሉን ለመቁጠር ጊዜው አላለፈባችሁም። የእረፍት ቀን ያላት ጓደኛ ካለች ከእሷ ጀምሩ። ማንም ፊደል የቆጠረ ሰው ደብዳቤውን ሌላ ሰው ሊይዝበት አይገባም።

ምዕራፉ የሚያልቀው በጥፊ ነው። ማርጃን መህሪን ይዛ ወላጆቿ ሳያውቁ ለሰልፍ ወጣች። ቀኑ መስከረም 8፣ 1978 ነበር፤ ወታደሮች በቴህራን በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ብዙ ሰው የገደሉበትና በኋላ «ጥቁሩ ዓርብ» የተባለው ቀን ነው። ሁለቱ በሰላም ሲመለሱ እናትየው በድንጋጤ ሁለቱንም በጥፊ መታቻቸው። ጥፊን ማመስገናችን አይደለም፤ ማንም አሠሪ ሠራተኛውን የመምታት መብት የለውም። ግን በዚያ የፍርሃት ሰዓት እናትየው ልጅና ሠራተኛ ብላ ለመለየት ጊዜ አላገኘችም። ልቧ ሁለቱንም ሲፈልግ ነው የዋለው። የሰው ልብ እንዲህ ነው፤ በልብ ያለው ዝምድና እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በር ላይ ሲጠየቅ ግን ላይቆም ይችላል።

የወይዘሮ ናስሪን ልጅ

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የቤት ሠራተኛ አሉ። ወይዘሮ ናስሪን ይባላሉ። ጊዜው በ1980 የጀመረው የኢራንና የኢራቅ ጦርነት የተፋፋመበት ነው። ወይዘሮ ናስሪን አንድ ቀን ወደ ሥራ የመጡት እያለቀሱ ነበር። በእጃቸው ወርቅ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ቁልፍ ይዘዋል። ቁልፉን ለታላቅ ልጃቸው የሰጡት በትምህርት ቤት ነው። ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ቢሞት በዚህ ቁልፍ ገነት ይገባል ብለውታል። አምስት ልጆች በእንባ ያሳደጉት እኚህ እናት ልጃቸው በፕላስቲክ ቁልፍ ሊለወጥባቸው ነው።

የማርጃን እናት ልጁን አስጠርታ መከረችው። ማርጃን ደግሞ የአክስቷን ልጅ በትምህርት ቤቱ ቁልፍ ሰጥተውት እንደ ሆነ ጠየቀችው። እሱ ስለ ምን ቁልፍ እንደምታወራ እንኳ አላወቀም። ቁልፉ የሚታደለው በድሆች ሰፈር ነበር። የምዕራፉ የመጨረሻ ገጽ በሁለት ይከፈላል። ከላይ በአንገታቸው ቁልፍ ያንጠለጠሉ ልጆች በፈንጂ ሲበታተኑ ይታያል። ከታች ማርጃንና ጓደኞቿ በግብዣ ላይ ሲጨፍሩ ይታያል። ደራሲዋ ራሷን ከታች ነው የሣለችው፤ እያወቀች።

ይህ ምዕራፍ ስለ እናንተ አንድ ነገር ይናገራል። ሠራተኛዋ የራሷ ቤት አላት። የሰው ልጅ እያጠበች የራሷን ልጅ ታስባለች። ቤተሰቡ «እንደ ልጃችን ናት» ሲል ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሷ ራሷ እናት መሆኗን፣ የሌላ ሰው እውነተኛ ልጅም መሆኗን ነው። ወሎ ወይም ጅማ ላይ በስልክ የሚጠብቋት እናት አሏት። ለሁለተኛ ወላጅ ቦታ ያላት ላይሆን ይችላል።

ቤይሩት 1984

አሁን ወደ ሊባኖስ እንሂድ። ዘይና አቢራሸድ በ1981 በቤይሩት የተወለደች ሠዓሊና ጸሐፊ ናት። በ2007 በፈረንሳይኛ ያወጣችው መጽሐፍ ርእሱ «የጨረባዎች ጨዋታ» ሊባል ይችላል። ጨረባ ወቅት ጠብቃ የምትሰደድ፣ ተመልሳም የምትመጣ ወፍ ናት። ታሪኩ በ1984 በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት በአንድ ምሽት ይፈጸማል። ዘይናና ትንሽ ወንድሟ ቤት ናቸው። ወላጆቻቸው ጥቂት መንገድ ብቻ ርቆ በሚገኘው በአያት ቤት ሳሉ ድብደባው ስለ ከበደ መመለስ አልቻሉም። ከአፓርታማው ክፍሎች ሁሉ ለጥይት የማይጋለጠው የመግቢያው ኮሪደር ነው። ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየመጡ በዚያች ጠባብ ቦታ ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። እያንዳንዱ ሲገባ የእሱ አጭር ታሪክ ይነገራል።

ከሚገቡት አንዷ አንሃላ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። አንሃላ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድን ቤተሰብ ትውልድ አልፎ ትውልድ ያገለገሉ ሴት ናቸው። የሕንፃው ጠባቂ፣ በሊባኖስ ያላችሁ «ናጡር» የምትሉት ሥራ ያላት እናት ልጅ የሆነው ሹክሪም አለ። በዚያ ኮሪደር ውስጥ መምህሩም፣ ባለ ትዳሮቹም፣ ሠራተኛይቱም፣ የጠባቂዋ ልጅም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንሃላ ለልጆቹ ስፉፍ ይሠራሉ፤ ስፉፍ በእርድ ቢጫ የሚሆነው የሊባኖስ ኬክ ነው። አብዛኞቻችሁ መሥራቱን ታውቁበታላችሁ። ውጭ መድፍ ይጮኻል፤ ውስጥ የኬክ ሽታ አለ። ልጆቹ ያን ሌሊት የቆዩት በዚህ ነው።

ይህን መጽሐፍ ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ ያልቻልነው ነገር አለ። በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አንዳንድ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። እህቶቻችን በእግረኛ መንገድ ላይ አደሩ። በ2024 ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ ቤተሰቡ ሲሸሽ እነሱ የተተዉ፣ በጎዳናና በመጠለያ የተገኙ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ። ከእነሱ ስንቶቹ ከሳምንት በፊት «እንደ ልጃችን ናት» ተብለው ይሆን? በዚያው ጊዜ ሠራተኛቸውን በመኪናቸው ይዘው የወጡ፣ የአውሮፕላን ትኬት ቆርጠው አገሯ የሸኙም አሠሪዎች ነበሩ። ፍርዱ ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሚጥል እንዲሆን አንፈልግም። የምንለው ይህን ነው፦ ኮሪደሩ ሲጠብብ ለእሷ ቦታ መኖሩ በአሠሪው ደግነት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆን የለበትም።

ፌሊሲቴም አለች

ሦስተኛው ታሪክ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ማርገሪት አቡዌ የኮትዲቯር ተወላጅ ናት። በአቢጃን አድጋ በ12 ዓመቷ ወደ ፈረንሳይ ሄደች። «አያ» የተባለውን ተከታታይ የሥዕል ታሪክ በ2005 ማሳተም ጀመረች፤ ሥዕሉን የሠራው ክሌማን ኡብሬሪ ነው። ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ቦታው ዮፑጎን የተባለው የአቢጃን ሰፈር ነው። ጦርነትም ረሃብም የለበትም። አባቶች ሲዋሹ፣ እናቶች ሲገላግሉ፣ ልጃገረዶች ሲሽኮረመሙ፣ ጎረቤት ሲያማ ነው የሚታየው። አፍሪካን ማየት የለመደው በእንባ ብቻ ለነበረ አንባቢ ትልቅ እፎይታ ነው።

የአያ ቤተሰብ ቤት የምትሠራ ፌሊሲቴ የምትባል ወጣት አለች። መጀመሪያ ላይ በየሥዕሉ ጥግ ነው የምትታየው። ውኃ ታቀርባለች፤ ትላካለች። ታሪኩ እየቀጠለ ሲሄድ ግን የራሷ ታሪክ ያላት ሰው ትሆናለች፤ በሰፈሩ የቁንጅና ውድድር ላይም ትቀርባለች። ስትሠራበት የኖረችው ሰፈር ቀና ብሎ ያያታል። ቆንጆ የሆነችው ያን ቀን አልነበረም። ያን ቀን ነው ያዩዋት።

«ሠራተኛ» የሚለው ስም

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። «እንደ ልጃችን ናት» ሲባል ምን እንበል? እኛ እንዲህ እናስባለን። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ከሆነ በምስጋና ተቀበሉት። ግን በደመወዝ ፋንታ አትቀበሉት። የመህሪ ነገር የሚያስተምረን ልጅ ሳይሆኑ ልጅ መባል ጥላ እንደሌለው ነው። ዝናብ ሲመጣ ያስበላል። ሠራተኛ መባል ግን ውርደት አይደለም። ሠራተኛ የሥራ ሰዓት አለው፤ ደመወዝ አለው፤ ውል አለው፤ የእረፍት ቀን አለው። ልጅ እነዚህን አይጠይቅም፤ ሠራተኛ ይጠይቃል።

ይህን እኛ ብቻ አይደለንም የምንለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሰኔ 16፣ 2011 ስለ ቤት ሠራተኞች 189ኛውን ስምምነት አጽድቋል። ስምምነቱ በሰው ቤት ውስጥ በቅጥር የሚሠራውን ሥራ እንደ ማንኛውም ሥራ ይቆጥረዋል። ሠራተኛዋ ፓስፖርቷንና መታወቂያዋን በራሷ እጅ የመያዝ መብት እንዳላትም ይናገራል። ያላጸደቁት አገሮች ብዙ ናቸው፤ እናንተ ያላችሁባቸውም ብዙዎቹ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ቢሆንም ዓለም በአንድ ጉባኤ ቁጭ ብሎ «ይህ ሥራ ነው» ማለቱን ማወቅ ጀርባን ያቀናል።

ስለዚህ ሦስት ትንንሽ ነገሮችን እንምከራችሁ። የውላችሁን፣ የፓስፖርታችሁንና የኢቃማችሁን ፎቶ አንሥታችሁ አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀንና መጠን በትንሽ ደብተር ጻፉ፤ መጻፍ ያልቻለች ደግሞ በየወሩ ምልክት ታድርግ። የአሠሪያችሁን ሙሉ ስምና የምትኖሩበትን ሰፈርና ሕንፃ ቤተሰባችሁ እንዲያውቅ አድርጉ። እነዚህን ማድረግ ለማዳም ፍቅር ማጣት አይደለም። እውነተኛ ልጅ እንኳ ወላጁ ቤት የልደት ወረቀቱ ይቀመጥለታል።

ልጆቹ ያስታውሳሉ

ከመጨረሳችን በፊት ስለምታሳድጓቸው ልጆች አንድ ነገር እንበል። ብዙዎቻችሁ «ስሄድ ይረሱኛል» ትላላችሁ። መህሪ ለትንሿ ማርጃን ተረት የነገረችው በ1970ዎቹ ነው። ልጅቷ ያን ሁሉ ዓመት ቆይታ፣ አገር ለውጣ፣ ሠላሳ ዓመት አልፏት የመህሪን ፊት ሣለችው። ስሟን ጻፈችው። የአባቷን ጥፋት እንኳ ሳትሸሽግ ጻፈችው። የሰው ልጅ በማን እቅፍ እንዳደገ በአእምሮው ቢረሳ እንኳ በሌላ መንገድ ያስታውሰዋል። ዛሬ በሽንብራ እህልና በጥቂት ዐረብኛ የምታባብሉት ሕፃን ነገ አባቱን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፍትሕ የሚጠይቅ ልጅ ማሳደግ ትንሽ ሥራ አይደለም።

አገር ቤት ያሉት የራሳችሁ ልጆችስ? እነሱ ስለ እናታቸው የሚያውቁት በየወሩ የሚመጣውን ገንዘብና በስልክ የሚሰማውን ድምፅ ነው። የምትሠሩበትን ኩሽና፣ ከመስኮታችሁ የሚታየውን ባሕር ወይም አሸዋ፣ የምትተኙበትን ክፍል አያውቁትም። የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም። በአንድ ወረቀት ላይ አራት ሣጥን ሥሩ። በመጀመሪያው ጠዋት ስትነሡ፣ በሁለተኛው ሥራ ላይ ስትሆኑ፣ በሦስተኛው የሚያስቅ ነገር የገጠማችሁን፣ በአራተኛው ልጃችሁን ስታስቡ ሣሉ። ክብ ራስና የክብሪት እንጨት የመሰለ እጅና እግር ይበቃል። ከሥሩ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው። ልጁ መልሶ የራሱን አራት ሣጥን ሊልክላችሁ ይችላል።

የንግሥተ ሳባን አገልጋይ ስሟን የጻፈላት ሰው ስላልነበረ ስሟ ጠፍቷል። የእናንተ ግን እጃችሁ ላይ ነው። «አንቺ ማን ነሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ማዳም ምንም ብትል እናንተ ስማችሁን ተናገሩ፤ የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደ ሆናችሁ ተናገሩ፤ ሥራችሁንም ሳታፍሩ ተናገሩ።